«አሁን» ለማለት የፈጀው 15 ዓመት

የእንግሊዝኛ የጊዜ ተውሳከ ግሶች አንድ የታወቀ ጠባይ አላቸው፤ እያደር ይላላሉ። ዛሬ «በቅርቡ» ብለን የምንተረጉመው «ሱን» በጥንቱ እንግሊዝኛ «ወዲያውኑ» ማለት ነበር። «ፕረዘንትሊ»ም በ1611 በታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ «ያን ጊዜውኑ» የሚል ፍቺ አለው፤ በኋላ «ቆየት ብሎ» ወደ ማለት ተንሸራተተ። ሰው «አሁኑኑ» ብሎ ሲዘገይ ቃሉም አብሮት ይዘገያል። እኛስ ከተቀመጥንበት ሳንነሣ «መጣሁ» እንል የለም?

ይህ መላላት ከሰዋስው ወጥቶ የፍርድ ጉዳይ የሆነበትን ታሪክ ላንሣ፤ ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዱልኝ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በብራውን ጉዳይ፣ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ልጆችን በዘር መለየታቸው ሕገ መንግሥቱን እንደሚቃረን በሜይ 17 ቀን 1954 ወሰነ። «መቼ ይግቡ?» የሚለው ግን ተንጠልጥሎ ቀረ። ፍርድ ቤቱ በ1953 ለተከራካሪዎቹ ባቀረበው ጥያቄ ውስጥ «ፎርዝዊዝ»፣ ማለትም «ያለ አንዳች መዘግየት» የሚል ተውሳከ ግስ ነበረ። ተርጉድ ማርሻልና ባልደረቦቹ የሙጥኝ ያሉት ይህንኑ ነው።

በሜይ 31 ቀን 1955 የወጣው ትእዛዝ ግን «ዊዝ ኦል ዴሊበሬት ስፒድ» አለ፤ በአማርኛ «እየመከሩ በመፍጠን» ብንለው ከሐሳቡ አንርቅም። ሐረጉን ዳኛ ሆምዝ በ1911 በቨርጂኒያና በዌስት ቨርጂኒያ የዕዳ ክርክር ተጠቅመውበት ነበር። ለዕዳ ሒሳብ ሳይስማማ አይቀርም፤ ለሕፃናት ግን አይሆንም። ስሙ ሲያስሮጥ ቅጽሉ ልጓም ይጎትታል። የደቡብ ባለሥልጣናት ልጓሙን መረጡ።

በቨርጂኒያ የፕሪንስ ኤድዋርድ ካውንቲ ጥቁርና ነጭ ልጆችን አንድ ላይ ከማስተማር ይልቅ በ1959 የመንግሥት ትምህርት ቤቶቹን ዘጋ። ለነጮቹ የግል ትምህርት ቤት ተቋቋመላቸው። በዚያ ዓመት ስድስት ዓመቱ የነበረ ጥቁር ሕፃን የመንግሥት ትምህርት ቤት በ1964 በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲከፈትለት አሥራ አንድ ሞልቶታል። ያመለጠውን ንባብ ማንም ተውሳከ ግስ አይመልስለትም።

በ1968 ፍርድ ቤቱ በኒው ኬንት ካውንቲ ጉዳይ፣ በተግባር የሚሠራ ዕቅድ «ናው»፣ አሁን ይቅረብ አለ፤ ቃሏንም ለይቶ በሰያፍ ፊደል አስጻፋት። ዳኞች አንዲትን ተውሳከ ግስ እንዲህ አጋድመው ሲያስጽፉ፣ ከዚህ በፊት በሌላ ፍቺ እንደ ተነበበች ያውቃሉ ማለት ነው። በኦክቶበር 29 ቀን 1969 ደግሞ በሚሲሲፒ ጉዳይ የ1955ቱን ሐረግ ሽሮ፣ የተለያዩ ትምህርት ቤቶች «በአንድ ጊዜ» እንዲቀሩ አዘዘ። በዚያ ትእዛዝ ሥር የነበሩ ብዙ ልጆች የትምህርት ዓመቱ እስኪያልቅ እንኳ ሳይጠበቅ፣ በጃንዋሪ 1970 አንድ ክፍል ገቡ።