የወርዋሪ አያያዝ በቤዝቦል ማስመሰያ ጨዋታዎች

የወርዋሪ አያያዝ በቤዝቦል ማስመሰያ ጨዋታዎች ውስጥ ተጫዋቹ እንደ አሰልጣኝ ሆኖ የትኛው ኳስ ወርዋሪ (ፒቸር) ጨዋታውን እንደሚጀምር፣ መቼ እንደሚቀየርና ማን እንደሚተካው የሚወስንበት የስልት ክፍል ነው። በእነዚህ ጨዋታዎች የሚፈተነው የጣት ፍጥነት ሳይሆን ውሳኔ ነው። እያንዳንዱን ውርወራና ምት ኮምፒውተሩ በተጫዋቾቹ ችሎታና በዘፈቀደ ቁጥር አስልቶ ያወጣዋል።

የቤዝቦል መሠረታዊ ሕግ

ቤዝቦል እያንዳንዳቸው ዘጠኝ ተጫዋቾች ባሏቸው ሁለት ቡድኖች መካከል ይካሄዳል። እንደ ገና ጨዋታ ኳስ በዱላ ይመታል፤ ነገር ግን ኳሱን ወርዋሪው በ18.44 ሜትር ርቀት ላይ ቆሞ ወደ መቺው ይወረውረዋል። መቺዎቹ አስቀድሞ በተወሰነ ቅደም ተከተል ይቀርባሉ፤ ዘጠነኛው ሲጨርስ ተራው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ሦስት መቺዎች ሲወጡ (አውት ሲሆኑ) የመምታት ተራው ወደ ተጋጣሚው ያልፋል። ሁለቱም ቡድኖች አንድ አንድ ጊዜ ሲመቱ አንድ ኢኒንግ ይባላል፤ መደበኛ ጨዋታ ዘጠኝ ኢኒንግ አለው። እንደ እግር ኳስ ሁሉ፣ ተቀይሮ የወጣ ወርዋሪ ወደዚያው ጨዋታ ተመልሶ አይወረውርም።

ታሪክ

በ1961 እ.ኤ.አ. ሃል ሪችማን ስትራት-ኦ-ማቲክ የተባለውን የካርድና የዳይስ ጨዋታ ለገበያ አቀረበ። በዚህ ጨዋታ አንደኛው ዳይስ ከ1 እስከ 3 ካሳየ ውጤቱ ከመቺው ካርድ፣ ከ4 እስከ 6 ካሳየ ደግሞ ከወርዋሪው ካርድ ይነበባል። በ1971 እ.ኤ.አ. ዶን ዳግሎው በፖሞና ኮሌጅ ተማሪ ሳለ ቤዝቦልን የሚያስመስል ፕሮግራም በፒዲፒ-10 ኮምፒውተር ላይ ጻፈ። እሱና ኤዲ ዶምብራወር በ1987 እ.ኤ.አ. ያወጡት ኧርል ዊቨር ቤዝቦል የተሰየመው በታዋቂው የባልቲሞር ኦሪዮልስ አሰልጣኝ ነው። ዛሬ በስፋት ከሚታወቁት አንዱ ጀርመናዊው ማርኩስ ሃይንሶን የጀመረው አውት ኦፍ ዘ ፓርክ ቤዝቦል ነው።

ድካምና ዕረፍት

በአሜሪካ ከፍተኛ ሊግ እያንዳንዱ ቡድን በመደበኛው ውድድር ዘመን 162 ጨዋታ ስለሚያደርግ አንድ ወርዋሪ በየቀኑ ሊወረውር አይችልም። ብዙውን ጊዜ አምስት ወርዋሪዎች ጨዋታ ለመጀመር ይፈራረቃሉ፤ የቀሩት በመካከል እየገቡ ይተካሉ። ማስመሰያ ጨዋታዎችም የእያንዳንዱን ወርዋሪ ጽናትና የወረወረውን ኳስ ብዛት ይመዘግባሉ። የደከመ ወርዋሪ ኳሱን ወደፈለገው ቦታ መላክ ያቅተዋል፤ ለጉዳትም ሊጋለጥ ይችላል። ስለዚህ የዛሬውን ድል ለማግኘት ምርጡን ተቀያሪ መጠቀም ነገ ያለ እሱ መጫወትን ሊያስከትል ይችላል።

የመቀየር ውሳኔ

ለመቀየር ሦስት ነገሮች ይታያሉ። አንደኛ፣ መቺዎች አንድን ወርዋሪ በዚያው ጨዋታ ለሦስተኛ ጊዜ ሲገጥሙት በአማካይ የተሻለ ይመታሉ። ሁለተኛ፣ መቺ ብዙውን ጊዜ በተቃራኒ እጁ በሚወረውር ወርዋሪ ላይ ይበረታል፤ ቀኝ መቺ ለግራ ወርዋሪ አስቸጋሪ ነው። ሦስተኛ፣ ውጤቱ ተቀራራቢ ሲሆን አንድ ስህተት ዋጋው ይከብዳል።

ትንሽ የሚመስል ልዩነት ሲደራረብ ይጎላል። ለምሳሌ አንድ መቺ ቤዝ የመድረስ ዕድሉ ወርዋሪው ሳይደክም 32 በመቶ፣ ሲደክም 36 በመቶ ነው እንበል። ሦስት መቺዎችን በተከታታይ የማስወጣት ዕድል በመጀመሪያው ሁኔታ 0.68 × 0.68 × 0.68፣ ማለትም 31 በመቶ ገደማ ነው። በሁለተኛው ግን ወደ 26 በመቶ ይወርዳል።

ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ ከፍተኛ ሊግ የገባ ወርዋሪ ቢያንስ ሦስት መቺዎችን መግጠም ወይም ኢኒንጉን መጨረስ አለበት። የተለየው ሕመም ወይም ጉዳት ሲደርስበት ነው። ይህ ሕግ ለአንድ መቺ ብቻ ተብሎ የሚደረገውን ቅያሪ ገድቧል።

የስኔል ቅያሪ

በጥቅምት 17 ቀን 2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 27 ቀን 2020) በወርልድ ሲሪስ ስድስተኛ ጨዋታ የታምፓ ቤይ ሬይስ ወርዋሪ ብሌክ ስኔል በ73 ውርወራ ዘጠኝ ጊዜ መቺዎችን በስትራይክ አስወጥቶ ቡድኑ 1 ለ 0 ይመራ ነበር። በስድስተኛው ኢኒንግ አንድ ተጋጣሚ ቤዝ እንደያዘ አሰልጣኙ ኬቨን ካሽ ቀየረው፤ ምክንያቱም ቀጣዮቹ መቺዎች ስኔልን ለሦስተኛ ጊዜ ሊገጥሙት ነበር። ተተኪው ኒክ አንደርሰን ሲወረውር በዚያው ኢኒንግ ሁለት ነጥብ ተቆጠረ፤ ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ 3 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

ካሽ የተመለከተው አማካዩን ስሌት ነበር፤ ተቺዎቹ ደግሞ የዚያን ምሽቱን ስኔል። በሜዳ ላይ ሌላኛው ምርጫ ምን ያመጣ እንደነበር ማየት አይቻልም። በማስመሰያ ጨዋታ ግን ተመሳሳይ ሁኔታን ደጋግሞ ማስኬድና የሁለቱን ምርጫዎች አማካይ ውጤት ማወዳደር ይቻላል። ይሁን እንጂ የሚገኘው መልስ ፕሮግራሙ ስለ ድካም ከያዘው ግምት የተሻለ ትክክለኛነት አይኖረውም። ከዚህም ሌላ ጥሩ ውሳኔ አንዳንዴ ሽንፈትን፣ መጥፎ ውሳኔም ድልን ሊያስከትል ስለሚችል የአንድ ጨዋታ ውጤት ብቻውን የውሳኔውን ትክክለኛነት አያረጋግጥም።