ፌርፊልድ ቤት፦ ከባዝ እስከ ካርቱም

ስደት ሲነሳ ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ መንገዱ ነው። እኔ ግን በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት ስለ አንድ ቤት ልንገራችሁ። ቤቱ የሚገኘው በእንግሊዝ አገር ነው፤ ታሪኩ ግን እዚሁ ካርቱም ድረስ ይመጣል።

እንግሊዞች «ማነር» የሚሏቸው የጥንት የባላባት ቤቶች አሏቸው። ባላባቱ በትልቁ አዳራሽ ግብር ያበላ ነበር፤ ጭሰኛውም ተሰብስቦ እዚያው ይዳኝ ነበር። የእኛን የድሮ ጌቶች አዳራሽ ለሚያውቅ ነገሩ እንግዳ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን በንግድና በሥራ የከበሩ ሰዎች እነዚያን የመሰለ፣ ነገር ግን አነስ ያለ ቤት በከተማ ዳር መሥራት ጀመሩ። በባዝ ከተማ ያለው ፌርፊልድ ቤት የዚህ ዓይነቱ ነው።

ባዝ ከለንደን በስተምዕራብ ያለች፣ ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ በፍልውኃዋ የታወቀች ከተማ ናት። ቤቶቿ የተሠሩት ከአካባቢው በሚወጣ፣ የማር መልክ ባለው ድንጋይ ነው። ፌርፊልድም በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ የተሠራ፣ በአትክልት ቦታ የተከበበ ባለ ፎቅ ቤት ነው። የሚገርመው አሠራሩ ነው። በዚያን ጊዜ እንግሊዞች የጣሊያን አገር የገጠር ቪላዎችን አይተው ስለወደዱ ቤታቸውን በዚያ መልክ ያሠሩ ነበር። ስለዚህ ጣሊያን ከአገራቸው ያሳደዳቸው ንጉሠ ነገሥት በጣሊያን ስልት በተሠራ ቤት ተጠለሉ ማለት ነው።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ የወጡት በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ነው። ሰኔ 23 ቀን 1928 በጄኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት አቤት ካሉ በኋላ ሰሚ በማጣታቸው ወደ ባዝ ሄደው ይህን ቤት ገዙ። አራት ዓመት ገደማም ኖሩበት። «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የተባለውን መጽሐፋቸውን የጀመሩት በባዝ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በመስከረም 1931 ዓ.ም. ያረፉት በዚሁ በስደት ሳሉ ሲሆን መጀመሪያ የተቀበሩትም በባዝ ነው፤ በኋላ አፅማቸው ወደ አገሩ ተመልሷል። እቴጌ መነንም ብርዱ ስላልተስማማቸው ወደ ኢየሩሳሌም ሄደዋል።

ገንዘብም አልነበረም። ቤቱ ትልቅ ስለሆነ ለማሞቂያ ብዙ ከሰል ይፈልጋል፤ ቤተሰቡና ተከታዩም ብዙ ነው። ንጉሡ ለኢትዮጵያ መንግሥት ይከፈል የነበረ ገንዘብ ለማስመለስ ኬብልና ዋየርለስ የተባለውን ኩባንያ በለንደን ከሰሱ። ጉዳዩ በይግባኝ ላይ ሳለ ግን በኅዳር 1931 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት የጣሊያንን ወረራ አወቀ። በዚህም ምክንያት ገንዘቡ የጣሊያን ንጉሥ ነው ተባለ። ስደተኛ በሰው አገር ፍርድ ቤት እውነት ይዞም ሊረታ እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

በሰኔ 1932 ዓ.ም. ጣሊያን በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ሲያውጅ ነገር ተገለበጠ። ንጉሡ በአውሮፕላን በእስክንድርያና በዋዲ ሐልፋ በኩል አድርገው በወሩ መጨረሻ ካርቱም ገቡ። ያረፉትም ከከተማው ወጣ ባለ፣ እንግሊዞች «ሮዝ ቤተ መንግሥት» ይሉት በነበረ ቤት ነው። ከብርድ አገር ወደ ሐሩር አገር ማለት ነው። የባዝ ቤት ፀሐይን ለመሳብ ሲሠራ፣ እንግሊዞች ካርቱም የሠሩት ግን ፀሐይን ለመከልከል ነው። በዓባይ ዳር ያለውን የድሮውን ቤተ መንግሥት ያየ ያውቀዋል፤ ቅስት ያለው ሰፊ በረንዳ ግድግዳውን ከፀሐይ ይጋርደዋል። ንጉሡም በካርቱም ከግማሽ ዓመት በላይ ቆይተው፣ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ሰንደቅ ዓላማቸውን ተከሉ፤ ሚያዝያ 27 ቀንም አዲስ አበባ ገቡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ንጉሡ ቤቱን አልረሱትም። በ1947 ዓ.ም. ባዝን ሲጎበኙ ከተማዋ የክብር ዜግነት ሰጠቻቸው። እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ ፌርፊልድን ለአረጋውያን መኖሪያ እንዲሆን ለባዝ ከተማ በስጦታ ሰጡ። ለብዙ ዓመታት የአረጋውያን መጦሪያ ሆኖ፣ በኋላም ከተለያየ አገር የመጡ አዛውንቶች ውለው የሚጨዋወቱበት ቤት ሆነ። በችግር ቀን ያስጠጋቸውን አገር፣ በደህና ቀን ቤት ሰጥተው ካሱት።

እኛስ? ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም በተነሳው ጦርነት ብዙዎቻችን ቁልፍ ብቻ ይዘን ወጥተናል። ያ በረንዳማ ቤተ መንግሥት እንኳ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. በሱዳን ጦር እስኪያዝ ድረስ የጦር ሜዳ ሆኖ ክፉኛ ተጎድቷል። ቤተ መንግሥት ያልተረፈበት ጥይት የእኛን ሱቅ አይምርም። የሚተርፈው ደግነት ብቻ ነው፤ ሱዳናዊው ጎረቤታችን በዱቤ ያበደረን ስኳር፣ እኛም በሐዘኑ ቀን ያስቀመጥንለት ቡና።

ስለዚህ ለኮሚኒቲያችን አንድ ሐሳብ አለኝ። እያንዳንዱ ቤተሰብ በካርቱም የት ሰፈር፣ በስንት ዓመት፣ ከማን ጎን እንደኖረ ይጻፍልን። ልጆቻችን ከዚህች ከተማ ጋር ያለን ታሪክ የስደተኛ ወረቀት ብቻ እንዳልሆነ ይወቁ። ቀኑ ሲመለስም እንደ ፌርፊልድ ለአዛውንቶች፣ ለእኛም ለሱዳናውያንም፣ የሚሆን አንድ ክፍል እንኳ በስማችን እንተው።