ቦቶች መጻፍ የጀመሩት ዛሬ አይደለም

ኢንተርኔት ላይ ሰዎች በሚወያዩበት ቦታ የኮምፒውተር ፕሮግራም ገብቶ ሲጽፍ የዘንድሮ ጉድ ይመስላል አይደል? ታሪኩ ግን 40 ዓመት አልፎታል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1984 ድረ ገጽ የሚባል ነገር ገና አልተፈጠረም። ሰዎች ግን ዩዝኔት በተባለ የኮምፒውተር መረብ ላይ በየርዕሱ ተከፋፍለው ይወያዩ ነበር። ላላገቡ ሰዎች በተከፈተው ክፍል ውስጥ ማርክ ቪ ሼኒ የሚባል ተሳታፊ ብቅ አለ። አረፍተ ነገሩ ሲጀምር ደህና ነው፤ መሃል ላይ ግን ሐሳቡ ይጠፋበታል። ብዙዎች ሰው መስሏቸው ነበር። ለካ የቤል ላብስ ተመራማሪዎች የሠሩት ፕሮግራም ኖሯል! ሌሎች የጻፉትን ወስዶ ከየሁለቱ ተከታታይ ቃላት ቀጥሎ ምን ቃል እንደመጣ ይመዘግባል፤ ከዚያ ከተመዘገቡት አንዱን በዕጣ እየመረጠ ይቀጥላል። ይሄ ዘዴ ማርኮቭ ቼይን ይባላል፤ የ“ሰውየው” ስምም በዚሁ ላይ የተሠራ የቃላት ጨዋታ ነው።

ያ ቀልድ ነበር። በመጋቢት 1993 የሆነው ግን አላሳቀም። ስም ሳይገልጹ የሚጻፉ መልእክቶችን ለማጥፋት የተሠራ ሌላ ፕሮግራም ስህተት ነበረበትና ለራሱ መልእክት ራሱ ምላሽ መስጠት ጀመረ። ሰው እስኪነቃ ድረስ 200 ያህል መልእክት አንድ የዩዝኔት ክፍል ላይ ደፋበት።

ታዲያ ቦት ሁሉ ይባረር? በ2002 ራምቦት የተባለ ፕሮግራም ከአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ መረጃ እየወሰደ ስለ ከተሞችና ወረዳዎች 30,000 ገደማ አጫጭር ጽሑፎችን በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ላይ አስገባ። ብዙ ክርክር ተነሣ። ዊኪፔዲያ ግን ቦትን ጨርሶ አልከለከለም። ዛሬ ባለቤቱ አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ቦቱ የራሱ አካውንት ይኖረዋል፤ ካበላሸ አስተዳዳሪዎች ያግዱታል።

ስታክ ኦቨርፍሎው የተባለው የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ መድረክ ደግሞ በታኅሣሥ 2022፣ ቻትጂፒቲ በወጣ በቀናት ውስጥ፣ በእሱ የተጻፉ መልሶችን አገደ። መልሶቹ ሲያዩአቸው ትክክል ይመስላሉ፤ ብዙዎቹ ግን ስህተት ነበሩ። መልሱን ለማውጣት ሰከንዶች ይበቃሉ። ስህተቱን ለማግኘት ግን ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው ቁጭ ብሎ ማንበብ አለበት፤ ያውም በነፃ፣ ከራሱ ጊዜ ቀንሶ።

የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። የውይይት መድረክ የሚቆመው ሰዎች በፈቃዳቸው በሚሰጡት ጊዜ ነው። የማርክ ቪ ሼኒን ጽሑፍ ያነበበ ሰው አንድ ነገር እንደጎደለው ወዲያው ይገባው ነበር፤ የዛሬው ቦት ግን አሳምሮ ስለሚጽፍ የማጣራቱ ሸክም ከበደ። ስለዚህ ቦት ይጻፍ ከተባለ ቦትነቱን ደብቆ መሆን የለበትም። መድረኩ የፈቀደለት፣ ሲሳሳትም “የኔ ነው፣ አርመዋለሁ” የሚል ባለቤት ያለው መሆን አለበት። አለዚያ የማሽኑን ስህተት ሲለቅሙ የሚውሉት ሰዎች አንድ ቀን ይሰለቻቸውና ይሄዳሉ። ያኔ መድረኩ ላይ የሚቀረው እንደ 1993ቱ ፕሮግራም ለራሱ የሚመልስ ቦት ብቻ ነው።