የአገሩን ሰው የጠየቀ ሠዓሊ

የማያውቁትን አገር በተረት መሣል ቀላል ነው፤ የአገሩን ሰው ጠይቆ መሣል ግን ድካም አለበት። ይህንንም የቤልጅኩ ሠዓሊ የዦርዥ ረሚ ታሪክ ያስረዳናል። እርሱም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1907 ዓ.ም. ተወልዶ ኤርዤ በሚል የብዕር ስም ታወቀ። ከዚህ በታች ያለውም ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በብሩክሴል ከተማ አባ ኖርቤር ዋሌዝ የተባሉ የካቶሊክ ቄስ የሚመሩት ጋዜጣ ነበረ፤ በየሐሙሱም ለልጆች ተጨማሪ ቅጠል ያወጣ ነበረ። ኤርዤ በጃንዋሪ 10 ቀን 1929 ዓ.ም. በዚህ ቅጠል ላይ ቲንቲን የሚባለውን ወጣት ጋዜጠኛ ከነውሻው ሥሎ ወደ ሩሲያ ላከው፤ በ1930 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኮንጎ ላከው። ሠዓሊው ግን ኮንጎን በዓይኑ አላየም፤ የሚያውቀውም በቤልጅክ የሚወራውን ብቻ ነበረ። ስለዚህ ጥቁሩን ሰው ሞኝና መሣቂያ አድርጎ ሣለው። ከዚህም የሚብሰው፥ ቲንቲን በትምህርት ቤት ቆሞ ለኮንጎ ልጆች አገራችሁ ቤልጅክ ናት ብሎ ማስተማሩ ነው። መጽሐፉ በ1946 ዓ.ም. ታድሶ ሲታተም ይህ ትምህርት በሒሳብ ተለወጠ፤ በሰዎቹ አሣሣል ላይ ያለው ንቀት ግን አልጠፋም።

በ1934 ዓ.ም. ቲንቲን ወደ ቻይና ሊሄድ ነው ተብሎ በተነገረ ጊዜ፥ በሉቨን ዩኒቨርሲቲ የቻይና ተማሪዎች መንፈሳዊ አባት የነበሩት አባ ጎሴ ለኤርዤ ደብዳቤ ጻፉ፤ ሕዝቡን ሳያጠና እንዳይሥልም መከሩት። እርሱም ምክሩን ሰማ። በብሩክሴል የሐውልት ቅርጽ ጥበብ ይማር ከነበረው ከዣንግ ቾንግረን ጋራ ተገናኘ፤ ሁለቱም እኩዮች ነበሩ። ዣንግ የአገሩን ታሪክና ልማድ ነገረው፤ በሥዕሉ ግድግዳዎች ላይ የሚታየውንም የቻይና ጽሕፈት ጻፈለት።

«ሰማያዊው ሎተስ» የተባለው ታሪክ ከዚህ ወዳጅነት ተወለደ። በ1931 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ መፈንዳቱን ሰበብ አድርጎ ጃፓን ማንቹሪያን እንደ ወረረ፥ ኋላም ከዓለም መንግሥታት ማኅበር እንደ ወጣ ታሪኩ ለልጆች አሳየ። በውስጡም ቲንቲን ቻንግ የሚባለውን ልጅ ከወንዝ ያድነዋል፤ ሁለቱም አንዱ ሕዝብ ስለ ሌላው የሚያወራውን ሐሰት እየተነጋገሩ ይሥቃሉ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህ ታሪክ ታትሞ ያለቀው በኦክቶበር 1935 ዓ.ም. ነው። በዚያው ወር ኢጣልያ መረብን ተሻግሮ አገራችንን ወረረ፤ ያው ማኅበርም አላዳነንም። ስለዚህ በተወረረ ሕዝብ ላይ እውነት መነገሩ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው እኛ እናውቃለን።

ኤርዤ ግን በዚህ መንገድ አልጸናም። ጀርመኖች በ1940 ዓ.ም. ቤልጅክን ከያዙ በኋላ በእነርሱ ሥልጣን ሥር በሚታተም ጋዜጣ ሠራ፤ አይሁድንም በሚያዋርድ መልክ ሣለ። አንድ ጊዜ መማር ለዘለዓለም አይበቃም።

ዣንግ ወደ አገሩ ተመልሶ ነበርና የጦርነት ዘመን ለያያቸው፤ ወሬውም ጠፋ። በ1958 ዓ.ም. ኤርዤ ቲንቲንን የጠፋውን ቻንግን ፍለጋ ወደ ቲቤት ላከው፤ በዚያ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። ሁለቱ ወዳጆች በ1981 ዓ.ም. በብሩክሴል ተገናኙ፤ ኤርዤም ከሁለት ዓመት በኋላ ሞተ።

ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ። ልጅ የተረቱን ነገር ይረሳ ይሆናል፤ ስለ ሌላው ሕዝብ ያሳዩትን መልክ ግን ሸምግሎም ይዞት ይኖራል። ስለዚህ ለልጆች የሚጽፍና የሚሥል ሰው ሁሉ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት የአገሩን ሰው ይጠይቅ።