ስለ ዒላማ ጠበንጃ የአፈ ሙዝ ልክ አመራረጥ

የጦር መሣሪያን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚመረምሩት ጠበንጃውን ማን እንደ ገዛው፥ በየትኛው ጦርነት እንደ ተተኮሰ፥ ማንስ ድል እንዳደረገበት ነው። የአፈ ሙዙን ስፋት፥ ማለት ፈረንጆች «ካሊብር» የሚሉትን ልክ ግን ለሠሪውና ለግምጃ ቤቱ ሹም ይተዉታል። ይሁን እንጂ ይህ ልክ የመረጠው ሰው ምን እንደ ፈለገ፥ ምን እንደ ፈራና ከእነማን ጋር እንደ ኖረ የሚናገር ምስክር ነው። ምስክርነቱም ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚሰማው በግል ሰው እጅ፥ በትንሽ ሥራ ቤት፥ ለዒላማ ውድድር ብቻ በተሠራው ጠበንጃ ላይ ነው። የመንግሥት ፋብሪካ ልኩን የሚመርጠው ለብዙ ሺህ ወታደር ነው፤ የግል ሠሪ ግን የሚመርጠው ጥይቶቹን ሁሉ በአንዲት ቀዳዳ ለማሳለፍ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ ሦስት ነገሮችን ማስተዋል ያስፈልጋል። አንደኛ፥ ክብደታቸው እኩል ከሆነ ሁለት አረሮች ቀጭኑና ረዥሙ አየሩን በቀላሉ ይሰነጥቃል፤ ስለዚህ ፍጥነቱን ይጠብቃል፥ የጎን ነፋስም ከመንገዱ ብዙ አያወጣውም። ሁለተኛ፥ አረሩ በረዘመ መጠን በአየር ላይ እንዳይገለበጥ ፈጥኖ መሽከርከር አለበት፤ ስለዚህ በአፈ ሙዙ ውስጥ የሚቈረጠው ጠመዝማዛ ቦይ ጠበቅ ያለ መሆን ይገባዋል። ሦስተኛ፥ አረሩ በከበደና ባሩዱ በበዛ ቍጥር ሰደፉ ትከሻን አጥብቆ ይመታል፤ የተመታ ትከሻም በሚቀጥለው ተኩስ ቃታው ሳይሳብ ይሸሻል። እንግዲህ ልክ መምረጥ ማለት ነፋስንና ትከሻን ማስታረቅ ማለት ነው።

ይህን እርቅ በመለካት ከፈለጉት ሰዎች ቀደም ብሎ የሚጠቀሰው የማንቸስተሩ መሐንዲስ ጆሴፍ ዊትዎርዝ ነው። በ1854 የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ሎርድ ሃርዲንግ ስለ ጠበንጃ መሥሪያ መኪናዎች ምክሩን በጠየቀው ጊዜ፥ ዊትዎርዝ አስቀድሞ ጥሩ አፈ ሙዝ ምን እንደሆነ መታወቅ አለበት ሲል መለሰ። በመንግሥት ወጪም ነፋስ የማይገባበት፥ 457 ሜትር ርዝመት ያለው የመተኮሻ አዳራሽ በቤቱ አጠገብ ተሠራለት። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ወታደር የሚይዘው ኤንፊልድ ጠበንጃ ልኩ 14.66 ሚሊ ሜትር ነበረ። ዊትዎርዝ የአረሩን ክብደት በ34 ግራም ገደማ እንዳለ ትቶ ልኩን ወደ 11.45 ሚሊ ሜትር አጠበበው፤ አረሩም ረዘመ። የኤንፊልዱ ቦይ አንድ ጊዜ ለመዞር 198 ሳንቲ ሜትር ሲፈጅ የእሱ በ51 ሳንቲ ሜትር ይዞር ነበር። በ1857 በተደረገው ፈተና፥ በ457 ሜትር ርቀት፥ የኤንፊልዱ ጥይቶች ከማዕከሉ በአማካይ 68 ሳንቲ ሜትር ሲርቁ የዊትዎርዝ 11 ሳንቲ ሜትር ብቻ ራቁ። በ1860 በዊምብልደን ሜዳ የመጀመሪያው ትልቅ ውድድር ሲከፈት፥ ንግሥት ቪክቶሪያ በመደገፊያ ላይ የተተከለውን የዊትዎርዝ ጠበንጃ ቃታ በገመድ ስባ ማዕከሉን መታች።

የጦሩ መሥሪያ ቤት ግን ጠበንጃውን አልተቀበለውም። ዋጋው ውድ ነው፥ ጠባቡም አፈ ሙዝ በባሩድ ጥላሸት ቶሎ ይዘጋል ተባለ። ምክንያቱ ከንቱ አልነበረም፤ ለውድድር የመጣ ሰው በየተኩሱ መካከል አፈ ሙዙን ሊወለውል ይችላል፥ ወታደር ግን በውጊያ መካከል ይህን ለማድረግ ጊዜ የለውም። ስለዚህ ሰፊው ልክ በሥራ ላይ ቈየ፤ በ1866ም የቆየው ኤንፊልድ ከኋላው እንዲጎርስ ተደርጎ ስናይደር ተባለ። በሚያዝያ 1860 ዓመተ ምሕረት በእኛ አቆጣጠር፥ በአሮጌ ሜዳ በዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ላይ የተተኮሰው ይህ ጠበንጃ ነው። ሦስት ዓመት ቈይቶ፥ በ1871፥ እንግሊዞች ማርቲኒ ሄንሪ የተባለውን ጠበንጃ ሲቀበሉ ልኩን 11.43 ሚሊ ሜትር አደረጉት። የዊትዎርዝ ጠበንጃ ተጥሎ የዊትዎርዝ ልክ ተወሰደ ማለት ነው።

በሩቅ ርቀት ለሚደረገው ውድድር ነገሩ በዚህ የተቈረጠ ይመስል ነበር። መስከረም 26 ቀን 1874 በኒው ዮርክ አጠገብ በክሪድሙር ሜዳ አየርላንዳውያንና አሜሪካውያን እስከ 914 ሜትር ድረስ በሚደርስ ርቀት ሲወዳደሩ የሁለቱም ወገን ልክ ከ11 ሚሊ ሜትር ብዙም የራቀ አልነበረም። ልዩነቱ አየርላንዳውያን በአፈ ሙዝ የሚጎርሱ የሪግቢ ጠበንጃዎች፥ አሜሪካውያን ደግሞ ከኋላ የሚጎርሱ ሬሚንግተንና ሻርፕስ መያዛቸው ነበረ። አሜሪካውያን 934 ለ931 አሸነፉ። ከአየርላንዳውያን አንዱ ማዕከሉን ቢመታም የመታው የሌላ ሰው ዒላማ ስለ ነበረ አልተቈጠረለትም፤ ሦስቱም ነጥብ ከዚያ አንድ ተኩስ አይበልጥም ነበር።

ነገር ግን የውድድሩ ሥርዐት ሲለወጥ ልኩም ይለወጣል። ከጀርመንና ከስዊስ ወደ አሜሪካ የፈለሱ ሰዎች የተኩስ ማኅበራቸውን ይዘው ሄዱ። በእነዚህ ማኅበራት ተኳሹ ቆሞ፥ ያለ ድጋፍ፥ በ183 ሜትር ርቀት ላይ ቀኑን ሙሉ ይተኩሳል፤ በዓሉም ሙዚቃ፥ ቢራና ቤተ ሰብ ያለበት ነው። 34 ግራም የሚመዝን አረር በዚህ ቦታ ትከሻን ከመጉዳት በቀር ጥቅም አልነበረውም። ስለዚህ በ1884 የወጣው 8 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው ልክ፥ 10.7 ግራም ከሚመዝን አረር ጋር፥ የማኅበሮቹ ተወዳጅ ሆነ። ሃሪ ፖፕ የተባለው ታላቅ አፈ ሙዝ ሠሪ ስሙን ያተረፈው በአብዛኛው በዚህ ልክ ነው። ቀልሃውን ከኋላ፥ አረሩን ግን ከፊት በኩል እያስገባ፥ የአረሩ ቂጥ እንዳይጎዳ ያደርግ ነበር። በ1917 አሜሪካ ከጀርመን ጋር ጦርነት ስትገጥም በጀርመንነት ላይ የተነሣው ጥላቻ ማኅበራቱን አዳከመ፤ ልኩም ከባለቤቶቹ ጋር ተረሳ። እዚህ ላይ አንድ የአፈ ሙዝ ልክ የሞተው በነፋስ ወይም በባሩድ ጉድለት ሳይሆን በማኅበር መፍረስ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ጠበንጃውን ከትከሻ ላይ አውርዶ በጠረጴዛና በአሸዋ ከረጢት ላይ አስቀመጠው። ለዚህም መንገዱን የጠረገው ፍራንክሊን ማን የተባለ ሐኪም ነው፤ በግል ሜዳው ብዙ ዓመት ከሞከረ በኋላ በ1909 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ሚዛኑን ያልጠበቀ አረር መንገዱን እንደሚስት አስረዳ። በ1975 ሉዊስ ፓልሚሳኖ የተባለ የቀዶ ጥገና ሐኪምና ፌሪስ ፒንዴል የተባለ ጠበንጃ ሠሪ፥ ከሶቪየት ኅብረት የመጣውን የ5.6 ሚሊ ሜትር ቀልሃ አፉን አስፍተው 6 ሚሊ ሜትር አደረጉት። ቀልሃው አጭርና ወፍራም ነው፤ ሐሳባቸውም ባሩዱ አንድ ወጥ ሆኖ እንዲቃጠል ነበር። በ91 ሜትር ርቀት ላይ ለብዙ ዓመታት ተወዳዳሪ ያልተገኘለት ልክ ይህ ሆነ። በ2007 ደግሞ ክሪድሙር የሚለውን የጥንቱን ሜዳ ስም የያዘ የ6.5 ሚሊ ሜትር ጥይት ወጣ። ቀጭንና ረዥም አረር፥ ጠባብ ጥምዝ፥ ትከሻን የማያስመርር ግፊት ስላለው፥ ዛሬ ለሩቅ ዒላማ የራሱን ጠበንጃ የሚገጣጥም ሰው ከሚመርጣቸው አንዱ ነው። ዊትዎርዝ በአዳራሹ ውስጥ የለካው ነገር በዚህ ታድሶ ይታያል።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ ጥናት የሚጠቅም አንድ ነገር እናገኛለን። በአገራችን የጠበንጃ ስም የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ከሠሪው ነው፤ ስናድር ከስናይደር፥ ውጅግራ ከፈረንሳይኛው «ፊዚል ግራ» የመጣ ነው። ስሙ በፉከራና በቀረርቶ ሲኖር ልኩ አልተመዘገበም። ነገር ግን የ14.66 ሚሊ ሜትሩ ስናድርና የ11 ሚሊ ሜትሩ ውጅግራ ለያዛቸው ሰው አንድ አልነበሩም፤ የተኩሱ ርቀት፥ የእርሳሱ ፍጆታ፥ የትከሻውም ሕመም ይለያያል። ስለዚህ ከሽማግሌዎች ታሪክ የሚሰበስብ ሰው፥ በየቤቱ የተሰቀለ አሮጌ ጠበንጃ ሲያሳዩት፥ ባዶ መሆኑን በባለቤቱ ካረጋገጠ በኋላ፥ ስሙን ብቻ ጽፎ አይለፍ። የአፈ ሙዙን ስፋትና የቀልሃውን ርዝመት ይለካ። በመወልወያው ዘንግ ጫፍ ላይ ጨርቅ አጥብቆ አስሮ ወደ ውስጥ ሲገፋው ዘንጉ በስንት ሳንቲ ሜትር አንድ ጊዜ እንደሚዞር ይመዝግብ። ብረቱ ዝጎ ቦዩ ከጠፋ በኋላ ይህን ምስክር መልሶ ማግኘት አይቻልም።