የወታደር ቅጣትና የሰውነት ብቃት፤ ከባቲ መንገድ ላይ ሲታይ

የአንድ ሠራዊት ሥነ ሥርዓት በሁለት ቦታ ይመዘናል። አንደኛው የሰልፍ ሜዳ ነው፤ ሁለተኛው ወታደሩ በመንገዱ የሚያገኘው ገበያ ነው። በሰልፍ ሜዳ ላይ እርምጃው የሠመረ፣ ጫማው የተወለወለ ጭፍራ ገበያ ሲገባ የገበሬውን ዶሮ ያለ ዋጋ ይዞ ቢሄድ፣ አለቆቹ አስተማርነው የሚሉት ሥነ ሥርዓት ከሰልፉ ጋር ተበትኗል ማለት ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያን ወታደር የቅጣትና የሰውነት ብቃት ታሪክ መመርመር የሚሻ ሁሉ ከጦር ሰፈሩ አጥር ወጥቶ፣ ሠራዊት የሚመላለስበትን የገበያ ከተማ ቢመለከት ይጠቀማል።

ባቲ ከእነዚህ ከተሞች አንዷ ናት። በዛሬው አከላለል በአማራ ክልል፣ ርእሰ ከተማው ከሚሴ በሆነው በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ ትገኛለች። ከደሴና ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ወደ ሚሌ፣ ከዚያም ወደ አሰብ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ ደጋው አልቆ ቆላው በሚጀምርበት አፋፍ ላይ ተቀምጣለች። በሰኞ ገበያዋ አፋሩ ግመሉንና ጨውን፣ ኦሮሞውና አማራው እህሉንና ከብቱን ይዘው ይገናኛሉ። አሰብ የአገሪቱ ዋና ወደብ በነበረበት ዘመን፣ ይኸውም እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ፣ ንግዱም ወታደሩም በዚሁ መንገድ ይወጣና ይወርድ ነበር። እንዲህ ባለ ስፍራ የሚኖር ሕዝብ የሠራዊትን ጠባይ የሚያውቀው ከአዋጅና ከመመሪያ ሳይሆን ከወታደሩ እጅ ነው።

ጉልበት ብቻ መስፈርት በነበረበት ዘመን

በቀድሞው ዘመን ወታደር ለመሆን የሚለካ ቁመት፣ የሚመዘን ክብደት አልነበረም። ጦር የሚሸከም፣ ተራራ የሚወጣና ረኀብ የሚችል ሁሉ ወታደር ነበር። ልምምዱም በጉግስ፣ በገና ጨዋታ፣ በአደንና በእግር ጉዞ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ያስነገሩት የክተት አዋጅ ይህንኑ ያመለክታል። አዋጁ ጉልበት ያለው በጉልበቱ እንዲከተል፣ ጉልበት የሌለው በጸሎት እንዲረዳ የሚያዝዝ ነበርና፣ የብቃትን ድንበር የሚወስነው ተጠሪው ራሱና የሚያውቀው ጎረቤቱ ነበሩ። መሰብሰቢያው በወሎ ደጋ፣ ወረኢሉ ሆነ። ከዚያ ተነሥቶ በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የተዋጋው ሠራዊት ወራት የፈጀውን መንገድ በአብዛኛው በእግሩ ሄዶታል። ፈተናው ጉዞው ራሱ ነበር፤ የደከመ በመንገድ ይቀራል፤ የደረሰ ብቁ ነው።

የዚህ ሥርዓት ደካማ ጎን ስንቁ ነበር። መደበኛ ደመወዝና ቀለብ የሌለው ወታደር በገበሬው ቤት እየተመራ፣ ተሰሪ ሆኖ ይቀለብ ነበር። ባለቤቱ ለልጁ ያስቀመጠውን ለተሰሪው ያቀርባል፤ እምቢ ቢል ይደበደባል። ወታደሩን ለመቅጣት ጅራፍ፣ ግንድና እግር ብረት ነበሩ፤ ዳሩ ግን ለመብላት የግድ መቀማት ያለበትን ሰው ስለ ቀማ መግረፍ ሥርዓትን ሊያጸና አይችልም።

ይህንን ቀድመው ከተረዱት ነገሥታት አንዱ ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ከ1847 እስከ 1860 ዓ.ም. በነገሡበት ዘመን ከልዩ ልዩ አገር የመጣውን ጭፍራ ቀላቅለው በአሥር አለቃ፣ በሃምሳ አለቃ፣ በመቶ አለቃና በሺህ አለቃ ሥር ለማደራጀት፣ ደመወዝ ለመክፈልና ዘረፋን ለማስቀረት ጣሩ። የገንዘቡ ምንጭ ሲነጥፍ ግን ዘረፋው ተመለሰ፤ ቅጣቱም እየከፋ ሄደ። ከዚያም በኋላ፣ ክፉ ቀን እየተባለ የሚታወሰው የ1880ዎቹ መጀመሪያ ረኀብ አገሩን ካጠፋ በኋላ፣ ዐፄ ምኒልክ ገበሬው ከምርቱ አሥራት እያወጣ ሠራዊቱ ከጎተራ እንዲቀለብ ደነገጉ። የአሥራቱ ሥርዓት ግብር ብቻ አልነበረም፤ ወታደሩን ከገበሬው ጓዳ ለማስወጣት የታሰበ የሥነ ሥርዓት ደንብም ነበር።

ደንብና ሐኪም ሲመጡ

የክቡር ዘበኛ መቋቋም፣ በ1922 ዓ.ም. የቤልጅግ መኰንኖች ለማሠልጠን መምጣት፣ በ1927 ዓ.ም. ደግሞ በስዊድናዊው በካፒቴን ቪኪንግ ታም መሪነት የሆለታ የጦር ትምህርት ቤት መከፈት የወታደሩን አካል ወደ አዲስ መለኪያ አገቡት። ሰዓት፣ ሰልፍ፣ ጅምናስቲክና የሐኪም ምርመራ የዕለት ሥራ ሆኑ። የፋሺስት ወረራ ይህን ጅምር ቢያቋርጠውም፣ ከነፃነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. የመጣው የእንግሊዝ ወታደራዊ ቡድን፣ ከ1945 ዓ.ም. ወዲህም የአሜሪካ አማካሪዎች ቀጠሉት።

ውጤቱም በውጭ አገር ታየ። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ከክቡር ዘበኛ ተመርጦ፣ በተራራማ ስፍራ ከሠለጠነ በኋላ በማያውቀው ብርድ ውስጥ ተዋጋ፤ በዚያ ጦርነት አንድም ሰው እንዳልተማረከበት እስከ ዛሬ ይነገርለታል። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ የማራቶንን ሩጫ በባዶ እግሩ ያሸነፈው አበበ ቢቂላም የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን ስዊድናዊ ነበሩ። ሰፈሩ ለሰውነት ማጎልመሻ ጊዜ፣ ምግብና አሠልጣኝ በሰጠበት ቦታ የወታደሩ ጉልበት ምን ሊያፈራ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

ቅጣቱም በጽሑፍ ሰፈረ። በስዊሱ የሕግ ሊቅ በዣን ግራቨን ረቂቅ ላይ ተመሥርቶ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ለወታደራዊ ወንጀሎች የራሳቸውን ክፍል ሰጠ። መክዳት፣ ትእዛዝ አለመፈጸም፣ ዘብን ጥሎ መሄድ በሕግ የተለዩ ወንጀሎች ሆኑ። ከእነዚህ ጋር የበላዩ በበታቹ ላይ ሥልጣኑን ያለ አግባብ መጠቀሙም በወንጀልነት መጻፉ ትልቅ ለውጥ ነበር። ከዚያ በፊት ቅጣት ከላይ ወደ ታች ብቻ ይወርድ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቢያንስ በወረቀት ላይ ሕጉ አለቃውንም ይዟል። ይሁንና ያው ሕግ ለአንዳንድ ወንጀሎች ግርፋትን እንደ ቅጣት ይዞ እንደ ቆየ አይዘነጋም። በአንጻሩ የእንግሊዝ ሠራዊት ግርፋትን እ.ኤ.አ. በ1881 ትቶት ነበር። አሮጌ ቅጣት በሌላውም ዓለም ቶሎ አይሞትም፤ የአሜሪካ ባሕር ኀይል መርከበኛን በዳቦና በውሃ ብቻ አስሮ መቅጣትን ጨርሶ የተወው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው።

የነገሌ ውሃ

በወረቀት የሰፈረው ሥርዓት በተግባር የተፈተነው በጥር 1966 ዓ.ም. ነው። በደቡብ፣ በነገሌ ቦረና የሠፈረው ጦር ምግቡ የተበላሸ ነበር፤ የውሃ መሳቢያውም ተሰብሮበት ነበር። ወታደሮቹ ከመኰንኖቹ ጉድጓድ እንዲቀዱ ቢጠይቁ ተከለከሉ። ጥር 4 ቀን መኰንኖቻቸውን አሰሩ። ነገሩን ሊያረጋጉ ከንጉሠ ነገሥቱ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዘው፣ እነርሱ የሚበሉትን እንዲበሉ፣ የሚጠጡትን እንዲጠጡ አደረጓቸው። በሕግ ዐይን ሲታይ ድርጊቱ አመፅ ነበር። ነገር ግን የመረጡት ቅጣት ምን እንደ ሆነ ማስተዋል ይገባል፤ ጄኔራሉን አልገደሏቸውም፤ በወታደሩ ማዕድ አስቀመጧቸው። ከዚያ ወዲያ እንቅስቃሴው ወደ ሌሎች የጦር ሰፈሮች ተዛመተ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዘውዱ ወረደ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለሠራዊት ብቻ የሚሆን አይደለም። ቅጣት ሥርዓትን የሚያጸናው ተቀጪው የሚገባውን ቀለብ፣ ውሃና ደመወዝ ካገኘ በኋላ ነው። አለቃው ያላከበረውን ግዴታ ወታደሩ እንዲያከብር ማስገደድ ለጊዜው ያስጎነብሳል፤ ሥርዓት ግን አያሰፍንም።

ብዛት ብቃትን ሲተካ

ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ ከሶማሊያና ከሰሜኑ ጦርነት የተነሣ የሠራዊቱ ቍጥር በእጅጉ ጨመረ። በታጠቅ ጦር ሰፈር በጥቂት ወራት ሥልጠና እጅግ ብዙ ሚሊሺያ ወጣ። በ1975 ዓ.ም. የታወጀው የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት ከ18 እስከ 30 ዓመት የሚሆነውን ዜጋ ለ6 ወር ሥልጠናና ለ2 ዓመት አገልግሎት ጠራ። ዕድሜና ጤና በአዋጅ መስፈርት ሆነው ቢጻፉም፣ የተጠየቀው ቍጥር ሲጎድል ወጣቱ ከመንገድና ከገበያ በአፈሳ ይወሰድ ጀመር። ገበሬው ልጁን ወደ ገበያ ለመላክ ፈራ። ያን ጊዜ ገበያ ወታደር የሚመዘንበት መሆኑ ቀርቶ፣ ወታደር የሚለቀምበት ሆነ።

ይህ የሆነው ወሎ በረኀብ በተመታበት ጊዜ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ባቲ ዓለም ያወቃት የረኀብተኞች መጠለያ ነበረች። በመጠለያዎች ውስጥ የሕፃናት ክንድና ክብደት ለምግብ ዕደላ ይለካ በነበረበት ወራት፣ የወጣቱ አካል ለጠመንጃ ይፈለግ ነበር። አንድ አገር የዜጋውን አካል በሁለት ሚዛን ሲመዝን፣ አንዱ ሚዛን የጎደለውን ለመሙላት፣ ሁለተኛው ያለውን ለመውሰድ፣ የብቃት መስፈርት የሚባለው ነገር ትርጉሙን ያጣል።

በሠራዊቱ ውስጥም ሥልጣኑ ተከፋፈለ። ከአዛዡ ጎን የፖለቲካ ኮሚሳርና ተቈጣጣሪ ቆሙ፤ ቀላል ጥፋትም የፖለቲካ ጥርጣሬ ሊሆን ቻለ። በየካቲት 1980 ዓ.ም. የናደው ዕዝ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ ተረሸኑ፤ በሚቀጥለው ወር አፍዓበት ወደቀ። ቀላሉ ቅጣት ቦታውን አጥቶ ከባዱ ብቻ ሲቀር፣ ፍርሀት ሥነ ሥርዓትን እንደማይተካ ይህ አንድ ማስረጃ ነው።

ቅጣት የሰውነት ማጎልመሻ ሊሆን ይችላልን?

በብዙ ሠራዊቶች ዘንድ የተለመደ አንድ ቀላል ቅጣት አለ፤ ያጠፋውን ማስሮጥ፣ በደረቱ ማሳብ፣ ማንከባለል። ጅራፍን የተካ በመሆኑ እንደ መሻሻል ይቈጠራል፤ አካልንም ያጠነክራል ይባላል። ነገር ግን ሥልጠና መጠን አለው፤ ዛሬ ከትላንት ጥቂት ይጨምራል፤ ዕረፍትም ይከተለዋል። ቅጣት ግን የሚቆመው የቀጪው ቁጣ ሲበርድ ነው።

የባቲ መንገድ ይህን በግልጽ ያሳያል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ባቲ ወደ 1,500 ሜትር ገደማ ናት፤ ሚሌ ከዚያ እጅግ ዝቅ ትላለች። በደጋ የሠለጠነ ወታደር በአንድ ቀን ወደ አፋር ሙቀት ሲወርድ፣ ያ ጎበዝ ሯጭ በመጀመሪያው ሳምንት ሊወድቅ ይችላል። አካል ሙቀትን እስኪለምድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ያስፈልገዋል፤ ውሃና ጨው፣ የወባ መከላከያም እንዲሁ። በዚህ ጊዜ ውስጥ በእኩለ ቀን ፀሐይ ማስሮጥ የሙቀት ምትን ሊያመጣ፣ ጡንቻን ሊያፈርስና ኵላሊትን ሊያውክ፣ ሊገድልም ይችላል። እንዲህ ያለ ቅጣት የጦሩን ኀይል የሚቀንስ በመሆኑ በወታደራዊ ሚዛን ራሱ ጥፋት ነው።

የብቃት መስፈርት በሌላውም ዓለም ያልረጋ ነው። የአሜሪካ ምድር ጦር እ.ኤ.አ. በ1980 ሩጫን፣ በክንድ መነሣትንና ከወገብ መነሣትን የያዘ ፈተና አወጣ፤ በ2022 ስድስት ክፍል ባለው ተካው፤ በ2025 ደግሞ ያንን ለወጠው። በየጊዜው የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ የሚለካው ለመለካት የሚቀለው ነው ወይስ በውጊያ የሚያስፈልገው?

ማጠቃለያ

ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ18ኛው አንቀጽ ጭካኔ የተሞላበትንና ክብርን የሚያዋርድ ቅጣትን ይከለክላል፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ግርፋትን ከቅጣቶች ዝርዝር አስወጥቷል። ሕጉ ረጅም መንገድ ተጕዟል። ይሁን እንጂ ሕግ ወደ ወታደሩ የሚደርሰው በአሥር አለቃው አንደበትና በወጥ ቤቱ ድስት በኩል ነው። ቀላል ቅጣት ልክ ያለው፣ የተመዘገበና ይግባኝ የሚባልበት ሲሆን፣ የብቃት መለኪያውም ወታደሩ የሚዘምትበትን አየር ያገናዘበ ሲሆን፣ ቀለቡም በሰዓቱ ሲደርስ፣ ሥነ ሥርዓቱ ከሰልፉ ሜዳ አልፎ ይሄዳል። መሄዱንም የሚያረጋግጠው ሪፖርት አይደለም፤ በሰኞ ገበያ ወታደር ሲመጣ ያየች ባለ ቅቤ ቅሏን ከመደበቅ ይልቅ ዋጋዋን መጥራቷ ነው።