የንድፍ መረጃ ሰሌዳ

የንድፍ መረጃ ሰሌዳ ስፕሪንክለር (የእሳት ማጥፊያ ውሃ መርጫ) በተዘረጋበት ሕንፃ ውስጥ በመቆጣጠሪያ ቫልቩ አጠገብ፣ በሽቦ ወይም በሰንሰለት የሚታሰር ብረት ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። መርጫው በደቂቃ ምን ያህል ውሃ፣ በምን ግፊት፣ በስንት ካሬ ሜትር ላይ እንዲያፈስ እንደተሰላ፣ የአደጋ ምድቡንና የገጠመውን ድርጅት ስም ይይዛል።

አመጣጥ

የመርጫው ፈጣሪ ማን እንደሆነ ስምምነት የለም። እንግሊዛዊው ጆን ኬሪ እ.ኤ.አ. በ1806 ባለ ቀዳዳ ቱቦ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ሻለቃ ስቱዋርት ሃሪሰን በ1864 በራሱ የሚከፈት መርጫ እንደሠራ ይነገራል፤ የፈጠራ መብት ግን አላወጣበትም። በአሜሪካ ፊሊፕ ፕራት በ1872 ቀድሞ ቢያስመዘግብም ስሙ ብዙም አይነሳም፤ ክብሩ የሚሰጠው በኒው ሄቨን የፒያኖ ፋብሪካውን ከእሳት ለመጠበቅ በ1874 መርጫ ላስመዘገበው ለሄንሪ ፓርማሊ ነው። ፍሬድሪክ ግሪኔል የፓርማሊን ሥራ አሻሽሎ ለገበያ አበቃው። የአሜሪካ የእሳት መከላከያ ማኅበር (ኤንኤፍፒኤ) መርጫ የሚገጠምበትን ደንብ፣ ዛሬ ኤንኤፍፒኤ 13 የሚባለውን፣ መጀመሪያ ያወጣው በ1896 ነው።

ሰሌዳው ሲጠፋ

ለምርመራና ጥገና የወጣው ኤንኤፍፒኤ 25 ሰሌዳው በቦታው መኖሩ፣ በደንብ መታሰሩና መነበቡ እንዲታይ ያዝዛል። ከሌለ መርማሪው ጉድለቱን መዝግቦ ለባለንብረቱ ያሳውቃል፤ የማሟላት ኃላፊነት የባለንብረቱ ነው። መርማሪው ከሚያውቀው ሌላ ሕንፃ ቁጥር ቀድቶ አዲስ ሰሌዳ መስቀል የለበትም። የተሳሳተ ሰሌዳ ከጠፋው ይብሳል፤ የሚመጣው ሰው ያምነዋልና።

ፍለጋው የሚጀምረው ከስሌት ሰነዱና ከመጨረሻው የግንባታ ፕላን ነው፤ ግልባጩ በገጣሚው ድርጅት ወይም ፈቃድ በሰጠው ቢሮ ሊገኝ ይችላል። ሁሉም ከጠፋ መሐንዲስ የቱቦዎቹን መጠንና የመርጫዎቹን ዓይነት ለክቶ ስሌቱን እንደገና ይሠራል። አሮጌ ሥርዓቶች ያለ ግፊት ስሌት፣ በቱቦ መጠን ሰንጠረዥ የተዘረጉ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በእነዚህ ላይ ሰሌዳው ይህንኑ ብቻ ይናገራል።

ቁጥሩ ለምን እንደሚያስፈልግ የመኪና ማቆሚያ ያሳያል። ኤንኤፍፒኤ 13 እ.ኤ.አ. በ2022 እትሙ ማቆሚያዎችን ወደ ከፍ ያለ የአደጋ ምድብ አዛውሯል። ቀድሞ በአንድ ካሬ ሜትር በደቂቃ 6.1 ሊትር ይበቃ የነበረው ዛሬ 8.1 ሊትር ሆኗል፤ በ139 ካሬ ሜትር ላይ ከ848 ወደ 1,126 ሊትር ገደማ ማለት ነው። የአውቶቡስ ዴፖ በሚገኝበት፣ በአዲስ አበባው ሸጎሌ ሰፈር ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ነባሩ ሥርዓት በየትኛው ቁጥር እንደተሠራ የሚነግረው ሰሌዳው ነው።

በአዲስ አበባ

የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚደርስባቸው ሰፈሮች መርጫው የሚታመነው በታንከርና በፓምፕ ነው። ከፍታም ይጨመርበታል፤ የፓምፕ ደንቡ ኤንኤፍፒኤ 20 ከ91 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ ከናፍጣ ሞተር ጉልበት 3 በመቶ እንዲቀነስ ይጠይቃል። በ2,400 ሜትር ላይ ቅናሹ 23 በመቶ ገደማ ይደርሳል። የተረፈው የሞተር ጉልበት ይብቃ አይብቃ ከሰሌዳው ፍላጎት ጋር ሳይነጻጸር አይታወቅም።

በኢትዮጵያ ሕግ

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የእሳት ጥንቃቄን የሚመለከት ድንጋጌ ይዞ ወጥቷል። ከዚያ በኋላ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የደረሰው ቃጠሎ የገበያ ሕንፃዎችን ደኅንነት በሰፊው አነጋግሯል።